አንቲጅን የሚያስቆመው አንቲ-ኢዲዮታይፕ ሁሉ አብ-2 ቤታ ነው? (ለቫይረስ ክትባት)

ሳባ_ላብ

ሰላም ቤቶች። የእብድ ውሻ በሽታ (ሬቢስ) ቫይረስን ጂ ግላይኮፕሮቲን፣ ማለትም የገጽታ ፕሮቲኑን፣ ይዞ ቫይረሱን የሚያመክን የአይጥ ሞኖክሎናል አንቲቦዲ አለ እንበል፤ ይህ አብ-1 ነው። በእሱ ከተከተቡ አይጦች ጣፊያ ከተሠሩ ሃይብሪዶማዎች (አንቲቦዲ የሚሠሩ የተዋሃዱ ሴሎች) የሚገኙት አንቲ-ኢዲዮታይፖች፣ ማለትም የአብ-1ን ልዩ ተለዋዋጭ ክፍል (ኢዲዮታይፕ) የሚይዙ አንቲቦዲዎች፣ ደግሞ አብ-2 ናቸው። ኤላይዛ (መያያዝን በቀለም የሚያሳይ የፕሌት ፈተና) ላይ የተጣራ ሙሉ ቫይረስ፣ ማለትም አንቲጅኑ፣ ሲጨመር አብዛኞቹ አብ-2ዎች አብ-1ን መያዝ ያቆማሉ።

ይህ ውጤት ብቻውን «አብ-2 ቤታ ነው፣ የቫይረሱን ኤፒቶፕ (አብ-1 የሚይዘውን ቦታ) መስሏል» ለማለት ይበቃል ወይ? ካልበቃ ቀጣዩ ፈተና ምንድን ነው? ደግሞስ አብ-2 የተከተበ እንስሳ ሴረም ቫይረሱን ሲያመክን ውጤቱን እንዳላምነው የሚያደርጉኝ ነገሮች የትኞቹ ናቸው? ለሬቢስ ይህ መንገድ ያዋጣል የሚል ካለም ክርክሩን ብሰማ ደስ ይለኛል።

አሮጌ_ፒፔት

አይበቃም። በሙሉ ቫይረስ ማስቆም ከፈተናዎቹ ሁሉ ደካማው ነው፤ ችግሩ መጠን ነው። የሬቢስ ቅንጣት 180 ናኖሜትር ገደማ ርዝመት፣ 75 ናኖሜትር ገደማ ውፍረት አለው። አንድ አይጂጂ (የተለመደው የአንቲቦዲ ዓይነት) ከዳር እስከ ዳር 15 ናኖሜትር ቢሆን ነው። ያን የሚያህል ነገር የአብ-1 ጫፍ ላይ ሲቀመጥ ጫፉን ራሱን የሚይዘውን አብ-2 ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ያለውንም ይገፋዋል። ኤላይዛው ሁለቱን አይለይልሽም።

ሦስቱን አስቢያቸው። አልፋ የሚባለው ከመያዣው ጫፍ ርቆ የአብ-1ን ተለዋዋጭ ክፍል ይይዛል፤ አንቲጅን አያስቆመውም። ጋማ ጫፉ አጠገብ ይይዛል፤ አንቲጅን ሲመጣ ቦታ ስለሚጠብበት ይለቃል፤ መምሰል ግን የለበትም። ቤታ አንቲጅኑ በሚነካቸው አሚኖ አሲዶች ላይ፣ አንቲጅኑ በሚነካበት መንገድ ያርፋል። ለክትባት የሚፈለገው ቤታ ብቻ ነው፤ ሰዎች በብዛት የሚያገኙት ግን ጋማን ነው። «ቤታ» ተብለው ከታተሙት ውስጥ ጥቂት የማይባሉት ጋማ እንደሆኑ እገምታለሁ።

ስለዚህ አንቲጅኑን አሳንሺው። በሙሉ ቫይረስ ፋንታ የሚሟሟውን የጂ ውጫዊ ክፍል ተጠቀሚ፤ ኤፒቶፑ ቀጥተኛ ከሆነ ደግሞ አጭር ፔፕታይድ ይሻላል። አብ-2ንም ወደ ፋብ (አንድ ክንድ ብቻ) ቁረጪው፤ ሙሉ አይጂጂ ሁለት ክንድና ጅራት ይዞ ስለሚመጣ እሱም ቦታ ይዘጋል። በትንሽ አንቲጅንና በፋብ መካከልም ማስቆሙ ከቀጠለ ተስፋ አለ። ተስፋ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም።

ቀጣዩ ፈተና ከተለያዩ እንስሳት የመጡ አብ-1ዎችን መደርደር ነው። ያንኑ ኤፒቶፕ የሚይዙ፣ ግን ከሌላ የቪ ጂን (የአንቲቦዲን ተለዋዋጭ ክፍል የሚሠራ ጂን) የተሠሩ የአይጥ ሞኖክሎናሎች፣ የጥንቸል ሴረም፣ ከተከተቡ ሰዎች የተገኘ አይጂጂ። ቤታ የሆነው አብ-2 እነዚህን ሁሉ፣ ቢያንስ ብዙዎቹን መያዝ አለበት፤ ሁሉም የሚይዙት አንድ ቅርጽ ነውና። ጋማ የሚይዘው የራሱን አብ-1 ብቻ ነው። ኮንትሮል እንዲሆን ሌላ የጂ ኤፒቶፕ የሚይዝ አብ-1 ጨምሪ፤ እሱን ከያዘ የሆነ ነገር ተበላሽቷል።

ክሪስታል_ቤት

ከላይ የተባለው ላይ አንድ ወጥመድ ልጨምር። አንዳንድ ኤፒቶፖችን ሁሉም ሰው ወይም ሁሉም አይጥ በአንድ ዓይነት የቪ ጂን ነው የሚይዛቸው። እንዲህ ሲሆን አብ-2 ብዙ አብ-1 የያዘው አንቲጅኑን ስለመሰለ ላይሆን ይችላል፤ የጋራውን ጂን አውቆ ሊሆን ይችላል። የአብ-1ዎቹን ቅደም ተከተል ሳታዩ «ብዙ ያዘ» አትበሉ።

መምሰልን በእውነት የሚያሳየው መዋቅር ነው፤ ጥሩው ምሳሌ ደግሞ ከቫይረስ ውጭ ያለ ነው። የዶሮ እንቁላል ላይሶዛይምን የሚይዘው ዲ1.3 የተባለ አንቲቦዲ ላይ ሁለት አንቲ-ኢዲዮታይፖች በክሪስታል ታይተዋል። በ1990 የታተመው ኢ225 ላይሶዛይም ከሚያርፍበት ቦታ ከፊሉን ይሸፍናል፣ ግን አልመሰለውም። በ1995 የታተመው ኢ5.2 ደግሞ ላይሶዛይም የሚነካቸውን አሚኖ አሲዶች አብዛኞቹን ነክቷል፤ ከሃይድሮጅን ትስስሮቹም ከፊሉ በአንድ ቦታ ላይ ይወድቃሉ። (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ሁለቱም በላይሶዛይም ይቆማሉ። ኤላይዛ ላይ መንትያ ናቸው፣ ክሪስታል ላይ ግን አይተዋወቁም።

ከቫይረስ ወገን በ1994 የታተመ የድመት ኮሮናቫይረስ ሥራ አለ፤ የድመት ተላላፊ ፔሪቶናይተስን የሚያመጣው ማለቴ ነው። አብ-1ው 409.5.3፣ አብ-2ው 730.1.4 ነበሩ፤ አብ-2ው አይጥ ላይ ሲወጋ ቫይረስ አምካኝ ምላሽ አስነስቷል።

ክሪስታል ከሌለ በአላኒን መቀያየር ግማሽ መንገድ ይኬዳል፦ በአብ-1 የመያዣ ቀለበቶች ላይ ያሉትን አሚኖ አሲዶች አንድ በአንድ ወደ አላኒን ቀይሮ፣ አንቲጅንንም አብ-2ንም መለካት። ሁለቱን እኩል የሚጎዱት ቅያሬዎች ከተደራረቡ ቤታ የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል። የመያያዝን ጥንካሬ የሚለካ መሣሪያ፣ ባዮሌየር ወይም ኤስፒአር፣ ይኑራችሁ፤ በኤላይዛ ይህን መለየት ዓይን ያጠፋል።

ኤላይዛ_ፕሌት

ወደ መዋቅር ከመሄዳችን በፊት ስክሪኒንጉ ላይ ልቆይ፤ ብዙ ፕሮጀክት የሚሞተው እዚያ ነው።

አብ-1ም አብ-2ም የአይጥ ናቸው። ሙሉ አብ-1 ፕሌት ላይ ቀብቶ በፀረ-አይጥ አይጂጂ ኢንዛይም ማየት ማለት ፕሌቱ ሁሉ እንዲበራ መፍረድ ነው። መቀባት ያለበት ኤፍ-አብ-ሁለት (ጅራቱ የተቆረጠ፣ ሁለት ክንድ ያለው ቁራጭ) ነው፤ ማያው ደግሞ ኤፍሲ ጋማን፣ ማለትም ጅራቱን፣ ብቻ የሚያውቅ ይሁን። 1 እስከ 2 ማይክሮግራም በሚሊሊትር፣ በጉድጓድ 100 ማይክሮሊትር፣ ፒኤች 9.6 ካርቦኔት፣ 4 ዲግሪ ላይ አሳድሩት። ጎን ለጎን የአብ-1 ዓይነት አይሶታይፕ (ንዑስ ዓይነት) ካለው ሌላ ሞኖክሎናል የተሠራ ኤፍ-አብ-ሁለት ይቀባ። ክሎን የሚመረጠው የመጀመሪያው በርቶ ሁለተኛው ሲጠፋ ብቻ ነው።

ኤፍ-አብ-ሁለት ሲቆረጥ፦ ለአይጥ አይጂጂ1 በአሴቴት ፒኤች 4.2፣ ፔፕሲን ከአንቲቦዲው 1 ለ50 በክብደት፣ 37 ዲግሪ። ሰዓቱን ከመጽሐፍ አትውሰዱ፤ በ2፣ በ4፣ በ8 ሰዓትና በማግስቱ ናሙና አንሥታችሁ ጄል ላይ እዩ። ለማቆም ትሪስ ጨምራችሁ ፒኤቹን ወደ 8 ውሰዱ። አብ-1ው አይጂጂ2ቢ ከሆነ ፔፕሲንን ተዉት፤ አንዱን ጎን ብቻ እየቆረጠ የተደባለቀ ነገር ያወጣል። ፓፔይን ተጠቅማችሁ ፋብ ሥሩ።

ፕሌት ላይ በቀጥታ መቀባት አንዳንዱን አብ-1 ያጣምመዋል። ባዮቲን የተለጠፈበት አብ-1 በስትሬፕታቪዲን ፕሌት ላይ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ግን ባዮቲኑም ላይሲን ላይ ነው የሚለጠፈው። ከለጠፋችሁ በኋላ አብ-1ው አሁንም አንቲጅን መያዙን ለኩ።

አሮጌ_ፒፔት

«ባዮቲኑም ላይሲን ላይ ነው» የተባለው ከባዮቲን በላይ ማጣመር ላይ ያሳስባል። አይጥን በራሱ ዓይነት አንቲቦዲ መከተብ ምላሽ ስለማያስነሣ አብ-1ን ምላሽ ከሚቀሰቅስ ተሸካሚ ፕሮቲን፣ ከኬኤልኤች፣ ጋር ማጣመር የተለመደ ነው፤ ብዙ ሰው 0.05 በመቶ ግሉታራልዴሃይድ፣ 1 ለ1 በክብደት፣ ለ1 ሰዓት አድርጎ በግላይሲን ያቆመዋል። ግሉታራልዴሃይድ የሚይዘው ላይሲንን ነው። የአብ-1 መያዣ ቀለበት ላይ ላይሲን ካለ፣ ምስሉ ሊወሰድበት የተፈለገው ቦታ ራሱ ተበላሽቶ ነው አይጡ ውስጥ የሚገባው። ከዚያ የሚወጣው አብ-2 አልፋ ብቻ ይሆናል፤ ሰውም «ኢዲዮታይፑ ደካማ ነው» ብሎ ይጽፋል።

መውጫው ማጣመሪያውን ከጫፉ ማራቅ ነው። ኤፍ-አብ-ሁለትን በ50 ሚሊሞላር መርካፕቶኤታይልአሚን፣ 5 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ ባለበት፣ 37 ዲግሪ ላይ 90 ደቂቃ ቀንሺው። የሚነጠለው ሰልፈር መታጠፊያው ላይ ነው፣ ከመያዣው ጫፍ ተቃራኒ። ማሌይሚድ የተደረገ ኬኤልኤች እዚያ ይገባል። ያም ሆነ ይህ ከተጣመረ በኋላ አንቲጅን መያዙን ሳትለኪ አንድም አይጥ አትውጊ።

የቀረው የተለመደ ነው፦ ባልብ-ሲ አይጥ፣ 50 ማይክሮግራም በሙሉ ፍሮይንድ (ምላሽ የሚያጠነክር አጁቫንት) ከቆዳ ሥር፣ በ3 ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ በጎዶሎ ፍሮይንድ፣ ከውህደቱ 3 ቀን በፊት ያለ አጁቫንት በጨው ውሃ አንድ የመጨረሻ መርፌ። ጣፊያው ኤስፒ2/0 ከተባለው የአይጥ ዕጢ ሴል ጋር 5 ለ1፣ ማዋሃጃው ፔግ 1500፣ ከዚያ የተዋሃዱትን የሚመርጠው ሃት። ይህን የሚያውቀው ብዙ ስለሆነ አላረዝመውም።

ዳልጋ_ሐኪም

ስለ ውሸት አዎንታዊ ውጤት የጠየቀችው አልተመለሰም፤ ለእኔ ዋናው እሱ ነው። አብ-2 የተወጋ እንስሳ ሴረም ቫይረስ ሲያመክን አብ-3 (በአብ-2ው ላይ የሚነሣ አንቲቦዲ) ሠራ ይባላል። ከአብ-3ው ውስጥ አንቲጅኑን የሚይዘው ግን ክፋዩ ብቻ ነው፤ አብዛኛው አብ-2ውን ራሱን የሚያውቅ ነው። በዚያ ላይ አብ-3 ሳይኖርም ማምከን የሚታይባቸው መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው የአብ-1 ልቀት ነው። አብ-2 ብዙ ጊዜ የሚጣራው አብ-1 በታሠረበት አምድ ነው። አምዱ በአሲድ ሲታጠብ ጥቂት አብ-1 ተላቅቆ አብሮ ይወርዳል። አብ-1 ኃይለኛ አምካኝ ስለሆነ በጣም ጥቂቱ ይበቃል። እንስሳው ውስጥ የገባው «ክትባት» ያለቀለት አምካኝ አንቲቦዲ ይዞ ገብቷል ማለት ነው። ምልክቱ፦ ማምከኑ ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ ቶሎ ይታይና ሳይጨምር እየወረደ ይሄዳል። መከላከያው፦ ሞኖክሎናል አብ-2 በፕሮቲን ጂ (የቫይረሱ ጂ ሳይሆን አይጂጂን የሚይዝ የባክቴሪያ ፕሮቲን) ይጣራ፣ በአብ-1 አምድ አይደለም። የሚወጋው ዝግጅት ራሱም ማምከን ላይ ይፈተን፤ አንድም ነገር ማምከን የለበትም።

ሁለተኛው የአንቲጅን ልቀት። አብ-1ው ከሴረም በአንቲጅን አምድ የተጣራ ፖሊክሎናል ከሆነ አንቲጅን ይዞ ይመጣል። ከዚያ አብ-2ን ተከትሎ አብ-3 ሳይሆን ተራ የክትባት ምላሽ ይመጣል። ሬቢስ ላይ ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ሴረሙን በኤን ፕሮቲን (በቫይረሱ የውስጥ ፕሮቲን) ላይ ፈትኑት። አብ-2 የመሰለው ጂ ፕሮቲንን ብቻ ከሆነ ፀረ-ኤን ሊኖር አይችልም። ካለ ቫይረስ ገብቷል።

ሦስተኛው ኢንዶቶክሲን፣ የባክቴሪያ መርዝ። ቢ ሴሎችን በጅምላ ስለሚቀሰቅስ ኤላይዛው በሙሉ ከፍ ይላል። ዝግጅቱ ላል በተባለው የኢንዶቶክሲን መለኪያ ይፈተን፤ ኮንትሮሉ እንስሳም ያንኑ ያህል ኢንዶቶክሲን ያለበት ዝግጅት ይሰጠው። ባዶ የጨው ውሃ የተወጋ ኮንትሮል ምንም አይቆጣጠርም። ትክክለኛው ኮንትሮል በዚያው መንገድ የተጣመረ፣ በዚያው አይሶታይፕ ያለ፣ ከቫይረሱ ጋር የማይገናኝ ሞኖክሎናል ነው።

ሳባ_ላብ

ዳልጋ_ሐኪም፣ በጣም አመሰግናለሁ። የኤን ፕሮቲኑን ነገር አስቤው አላውቅም ነበር። እርስዎ ለአብ-3 የትኛውን እንስሳ ይመርጣሉ? ማምከኑስ በምን ቢለካ ይሻላል?

ዳልጋ_ሐኪም

ጥንቸል ወይም ሃምስተር፤ ቫይረሱንም ክትባቱንም አይቶ የማያውቅ። ሌላ ዝርያ የሚያስፈልገው ለክርክሩ ነው፦ አይጥ ውስጥ አብ-3 ብታገኚ የአይጡ ጂን አስቀድሞ ያንን ኢዲዮታይፕ ሊሠራ የተዘጋጀ ነበር ይሉሻል። ጥንቸል ላይ ከመጣ ግን አብ-2ው ቅርጹን አስተምሯል የሚለው ይጠነክራል።

ለመለኪያው አርኤፍኤፍአይቲ፣ ሬቢስ ማምከንን በሴል ላይ የሚለካው ፈተና። ሴረሙን 56 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ፤ በ5 እጥፍ እየቀነሰ 1 ለ5፣ 1 ለ25 እያለ ይሂድ፤ ሲቪኤስ-11 የተባለውን የላብራቶሪ ሬቢስ ቫይረስ ጨምሮ 37 ዲግሪ ላይ 90 ደቂቃ፤ ከዚያ ቢኤችኬ-21 ወይም የአይጥ ኒውሮብላስቶማ ሴል፣ 20 እስከ 24 ሰዓት። በፍሎረሰንት ፀረ-ኤን ቀብቶ በየክፍሉ 20 የማይክሮስኮፕ ዕይታ መቁጠር ነው። ውጤቱን ከማመሳከሪያ ሴረም ጋር አስተያይታችሁ በዓለም አቀፍ ዩኒት ጻፉት፤ 0.5 ዩኒት በሚሊሊትር ለሰው ክትባት በቂ ምላሽ መነሣቱን ለማሳየት የሚያገለግለው ድንበር ነው። ኤላይዛ ቁጥር ብቻ ይዞ የመጣ ሰው ምንም አልያዘም፤ ጂ ፕሮቲንን የሚይዝ ነገር ግን የማያመክን አብ-3 ሞልቷል። ሲቪኤስ-11 የሚነካ ሰው ሁሉ አስቀድሞ መከተቡንና የአንቲቦዲ መጠኑ መለካቱን አትርሱ።

ለሬቢስ ያዋጣል ወይ ለሚለው፦ በሐሳብ ደረጃ መንገዱ አዲስ አይደለም። በ1983 ፊላደልፊያ ካለው ዊስታር ተቋም የወጣ ሥራ ከጥንቸል የተገኙ አንቲ-ኢዲዮታይፖች አይጥ ላይ ሬቢስ አምካኝ አንቲቦዲ ማስነሣታቸውን አሳይቷል። በተግባር ግን ሬቢስ ጊዜ አይሰጥም። የተነከሰ ሰው በ1 ወይም በ2 ሳምንት ውስጥ ጠንካራ አምካኝ አንቲቦዲ ያስፈልገዋል፤ አብ-2 ደግሞ ዘግይቶ ትንሽ ነው የሚሰጠው። በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የኖረውን ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ የፈርሚ ክትባት ለመተካት ነው ከሆነ፣ ተተኪው የሴል ካልቸር ክትባት ነው፤ ከቆዳ ውስጥ ሲሰጥ መጠኑም ያንሳል። ኢዲዮታይፕ እዚያ መንገድ ላይ ምንም አይጨምርም።

ሲግማ_አንድ

እኔ ደግሞ ጠበቃ ልሁን። ነገሩ ከመጀመሪያው የማይረባ ሆኖ አይደለም የቀረው። ጄርኔ የመረብ ሐሳቡን፣ ማለትም አንቲቦዲዎች እርስ በርስ እየተያያዙ የመከላከያ ሥርዓቱን ይቆጣጠራሉ የሚለውን፣ በ1974 አቀረበ፤ በ1975 የኬለርና ሚልስታይን ሃይብሪዶማ፣ የሞኖክሎናል አሠራሩ፣ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ኢዲዮታይፕ በብዛት መሥራት ተቻለ። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በሴል ካልቸር አልበቅል ብሎ ሰዉን ሲያስጨንቅ የነበረበት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ክትባት ከቫይረሱ ተሸካሚዎች ፕላዝማ ነበር የሚጣራው። በዚያ ዘመን ቫይረሱ ጨርሶ የሌለበት ክትባት ማለት ትልቅ ነገር ነበር። ኬኔዲ፣ ድሪስማንና ባልደረቦቻቸው በ1986 ሳይንስ መጽሔት ላይ አንቲ-ኢዲዮታይፕ የተሰጣቸው ቺምፓንዚዎች ከሄፓታይተስ ቢ መጠበቃቸውን አሳዩ። ቺምፓንዚ ላይ መከላከል ማለት ደግሞ ከኤላይዛ ቁጥር በጣም የራቀ ነገር ነው።

አሮጌ_ፒፔት

ልክ ነው፣ ግን ዓመቱን ተመልከተው። 1986 በእርሾ የተሠራው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደበት ዓመት ነው። እርሾ ሙሉውን ኤስ አንቲጅን (የቫይረሱን የገጽታ ፕሮቲን) ራሱን በብዛት ሲሠራ፣ አንዱን ኤፒቶፕ የሚመስል የጥንቸል አንቲቦዲ ሰው ውስጥ ለማስገባት ማን ይቸገራል? የአንቲ-ኢዲዮታይፕ ክትባት የተሸነፈው በሪኮምቢናንት ፕሮቲን ነው፤ መጀመሪያ በሄፓታይተስ ቢ፣ ከዚያ በየቦታው።

ሁለተኛው ሽንፈት ከካንሰር ወገን መጣ። አባጎቮማብ የተባለው የሲኤ-125 (የካንሰር ጠቋሚ ፕሮቲን) አምሳያ 888 የማህፀን እንቁላል ዕጢ ካንሰር ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ ፀረ-አካሉን አስነሥቷል፤ ሕመሙ እንዳያገረሽ ግን አላደረገም። ሌላው አንቲ-ኢዲዮታይፕ ራኮቱሞማብ በ2013 በኩባና በአርጀንቲና ለሳምባ ካንሰር ተፈቅዷል፤ እሱም የሚመስለው ጋንግሊዮሳይድ የሚባል ስኳርና ቅባት ነው። ይህን ያነሣሁት ለክትባት የሚመች ቦታ የት እንደሆነ ስለሚጠቁም ነው፦ ዒላማው ፕሮቲን በማይሆንበት ቦታ። ስኳር ብቻውን ቲ ሴል አይጠራም፣ ትውስታውም ደካማ ነው፤ አብ-2 ግን ፕሮቲን ስለሆነ ይጠራል። የሬቢስ ጂ ፕሮቲን ነው፤ ራሱን መስጠት እየተቻለ ምስሉን መስጠት ለምን?

ሲግማ_አንድ

ኖቤል ያሰጠ ሐሳብ እኮ ነው ጋሼ። በ1984 ጄርኔ የተሸለመው በምን ሆነና?

አሮጌ_ፒፔት

በመረቡ ብቻ አይደለም። ሽልማቱ የበሽታ መከላከያ ሥርዓቱ እንዴት ልየታውን እንደሚያዳብርና እንደሚቆጣጠር ላቀረባቸው ንድፈ ሐሳቦች በጥቅሉ ነው፤ ኬለርና ሚልስታይን ደግሞ በሞኖክሎናል አሠራር ተካፍለውታል። ሽልማት ሐሳብን አያረጋግጥም። ኢዲዮታይፕ መኖሩ፣ አብ-2 መሠራቱ የተረጋገጠ ነው፤ ሥርዓቱን በሙሉ የሚቆጣጠረው ይህ መረብ ነው የሚለው ግን በጊዜው የተጠበቀውን ያህል አልቆመም።

ሲግማ_አንድ

እሺ፣ ያን ተቀብያለሁ። አሁን ስሜን ወዳወጣሁበት ቫይረስ ልለፍ፤ ከደኅንነት አንጻር የሚያስተምረው እሱ ነው። የሪኦቫይረስ ዓይነት 3 ሲግማ-1 ፕሮቲን ሴል የሚይዘው ክፍል ነው። ሲግማ-1ን በሚያመክነው 9ቢጂ5 ላይ የተሠራው አብ-2፣ 87.92.6 የተባለው፣ ሴሎችን ራሱ ይይዛል። አስቡት፦ አምካኙ የሚይዘው ቫይረሱ ተቀባዩን የሚነካበት ቦታ ከሆነ፣ ያን ቦታ የመሰለ አብ-2 ተቀባዩን መያዙ የሚጠበቅ ነው። ክትባት ብላችሁ የሰጣችሁት ነገር የሰውነት ሴል ላይ ሄዶ ይለጠፋል።

በ1980ዎቹ በዚሁ መሣሪያ ተቀባዩ ቤታ-አድሬነርጂክ ተቀባይን ይመስላል እስከማለት ተደርሶ ነበር። በ2001 ግን ጃም-ኤ የተባለው ፕሮቲን የሪኦቫይረስ ተቀባይ መሆኑ ተለየ። አብ-2 ሴል ያዘ ማለት የቫይረሱን ተቀባይ አገኘ ማለት እንዳልሆነ በዚህ እዩ።

ስለዚህ አብ-2 ወደ እንስሳ ከመሄዱ በፊት ቫይረሱ የሚገባባቸውን ያልተበከሉ ሴሎች በፍሎው ሳይቶሜትሪ (ሴሎችን አንድ በአንድ በብርሃን የሚለካ መሣሪያ) ፈትኑ፤ በፋብም በሙሉ አይጂጂም። ከያዘ ተቀባዩ ከሴሉ ገጽ ይቀንስ እንደሆን በ37 ዲግሪ ለኩ። ክትባት ሆኖ ከቀጠለ ኤፍሲውን ዝም የሚያሰኝ ቅያሬ አድርጉበት፤ አለዚያ ኮምፕሊመንትና ፋጎሳይት ጤነኛ ሴል ላይ ይጠራል። በ2021 መርፊና ሎንጎ ለኮቪድ ያነሡት ጥያቄም ይኸው ነው፦ ስፓይክ ላይ ከተሠራ አብ-1 የሚነሣ አብ-2 የቫይረሱን ተቀባይ፣ ኤሲኢ-2ን፣ ሊይዝ ይችላል የሚል። መላምት ብለው ነው ያቀረቡት፤ ማህበራዊ ሚዲያ ላይ እንደተረጋገጠ ተደርጎ የዞረው ሌላ ነገር ነው።

ክሪስታል_ቤት

«ራሱን መስጠት እየተቻለ ምስሉን መስጠት ለምን» የሚለው የጋሼ ጥያቄ አንድ ቦታ መልስ አለው፦ ኤችአይቪ።

ቪአርሲ01 የሚባለው የአንቲቦዲ ቤተሰብ ቫይረሱ ሲዲ4ን (የሴል ተቀባዩን) የሚይዝበትን ቦታ የሚይዙ፣ ብዙ የኤችአይቪ ዓይነቶችን የሚያመክኑ ሰፊ አምካኞች ናቸው። የሚጀምሩት ቪኤች1-2*02 ከተባለ ጂንና 5 አሚኖ አሲድ ብቻ ካለው አጭር የቀላል ሰንሰለት ቀለበት ነው። ይህን የያዘ ቢ ሴል ያልተከተበ ሰው ውስጥ ከ300 ሺህ አንድ ገደማ ነው። ከዚያ የከፋው፣ ተራው የኤችአይቪ ኢንቨሎፕ (የገጽታ ፕሮቲኑ) ይህን መነሻ ሴል አይይዘውም። ኢንጂነር የተደረገ ኢንቨሎፕ ይይዘዋል፤ ግን ሌላ ብዙ ኤፒቶፕ ስላለበት ሌላ ብዙ ቢ ሴልም ይቀሰቅሳል።

እዚህ ላይ አንቲ-ኢዲዮታይፕ ሥራው ሌላ ነው። አብ-1 ብላችሁ የምትወስዱት የበሰለውን ቪአርሲ01 አይደለም፤ ወደ መነሻው የተመለሰውን ነው። በእሱ ላይ የሚሠራው አብ-2 ቫይረሱን መምሰል አይጠበቅበትም፤ መነሻውን ቢ ሴል መለየት ብቻ ይበቃዋል። በ2021 ሲያትል ካለው የስታማታቶስ ቡድን የወጣው ሥራ የሁለት አብ-2ዎችን ጫፍ አንድ ሞለኪውል ላይ አጣመረ፦ አንዱ የቤተሰቡን ከባድ ሰንሰለት፣ ሌላው ቀላሉን ያውቃል። ሁለቱም ያሉት ሴል ላይ አጥብቆ ይይዛል፤ አንዱ ብቻ ያለው ላይ ይላላል። አይጥ ላይ፣ ሌሎች ቢ ሴሎች በተቀላቀሉበት፣ የሚፈለጉትን ቀስቅሷል። ይህ መቀስቀሻ ነው፤ ሴሉ ከተነሣ በኋላ የሚያበስለው ኢንቨሎፕ ተከትሎ መሰጠት አለበት።

ሚዛናዊ ለመሆን ያህል፦ ሰው ላይ የደረሰው የኢንቨሎፕ ወገን ነው። ኢኦዲ-ጂቲ8 የተባለው ናኖቅንጣት ከተሰጣቸው 36 ሰዎች 35ቱ ላይ የቪአርሲ01 መነሻ ሴሎች ተነሥተዋል፤ ይህ በ2022 ታትሟል።

አሮጌ_ፒፔት

ይህን እቀበላለሁ። ያኔ ግን ጋማም አልፋም ቢሆን ግድ የለም ማለት ነው፤ የቤታ ጣጣ በሙሉ ይቀራል። ሳባ፣ ያሉሽን ክሎኖች አትጣያቸው። ቤታ ያልሆኑት ሁሉ ለመለኪያ ይጠቅማሉ፦ አንቲጅን የሚያስቆማቸው ነፃ አብ-1ን በሴረም ውስጥ ይለካሉ፤ የማያስቆማቸው አጠቃላዩን፣ አንቲጅን የያዘውንም ጨምረው ይለካሉ። አብ-1ው አንድ ቀን የተነከሰ ሰው የሚወጋው አምካኝ ሞኖክሎናል ቢሆን እነዚህ ሁለቱ ያስፈልጋሉ።

ሳባ_ላብ

ግልጽ ሆኖልኛል ጋሼ። አንድ የቀረኝ፦ ጥንቸሉ አይጥ አይጂጂ ስለተወጋ ሴረሙ በፀረ-አይጥ አንቲቦዲ ይሞላል። ኤላይዛውንም ማምከኑንም እንዳይረብሸኝ መጀመሪያ ማንሣት አለብኝ?

ኤላይዛ_ፕሌት

ለኤላይዛው አዎ። የአይጥ አይጂጂ የታሠረበት ሴፋሮዝ (የአምድ ጄል) ላይ አሳልፊው፤ አብ-2ው አይጂጂ1 ከሆነ ያንኑ ንዑስ ዓይነት የያዘ አይጂጂ ይሁን። ካለፈ በኋላ ከማይገናኝ የአይጥ ሞኖክሎናል ጋር አለመያያዙን ፕሌት ላይ አረጋግጪ፤ አሁንም ከበራ አምዱ ሞልቷልና ድገሚው። በዚህ ደረጃ ሴረሙ አብ-2ን ቢይዝ የቀረው ለኢዲዮታይፑ ነው። ፕሌቱን በቫይረስ ከቀባሽ የአይጥ አንቲቦዲ የትም እንዳይገባ ተጠንቀቂ፤ ቫይረሱን በአይጥ ሞኖክሎናል አስይዘሽ የምትሠሪ ከሆነ ፀረ-አይጡ እሱን ይይዝና አብ-3 ይመስላል።

ለማምከኑ ፀረ-አይጡ በራሱ ቫይረሱን አይነካም፤ ቢኤችኬ-21ም የሃምስተር ሴል ስለሆነ ብዙም አያሳስብም። የአይጥ ኒውሮብላስቶማ ከተጠቀምሽ ግን ሴሉ ራሱ የአይጥ ነውና ያለፈውን ሴረም ስጪው። አምዱ ላይ ሲያልፍ ሴረሙ ይቀጥናል። ከአምዱ በፊትና በኋላ የጠቅላላ አይጂጂ መጠን ለክተሽ የ1 ለ5 መነሻውን በዚያ አስተካክዪ፤ አለዚያ 0.5 ዩኒት ያልደረሰው አብ-3ው አንሶ ነው ወይስ ሴረሙ ቀጥኖ ነው የሚለውን መለየት አትችይም።